ለከሰል ጋዝ ማምረቻ የትኛውን መለኪያ ልግዛ? ድሬ ላይ ሆኜ ያወዳደርኩት

ድሬዳዋ ላይ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይሄን የማነሳው ባለፈው ሰሞን የሰፈራችን ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ኢንስትሩመንት ክፍል ተቀጥሮ ገና ወር ሳይሞላው በጠዋት ደውሎልኝ "ጋሼ፣ አዲስ የመጡትን ሶስት ቴርሞካፕሎች የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼ ሶስቱም 96 ነው የሚሉኝ፣ ተበላሽተዋል መሰለኝ፣ ልመልሳቸው ወይ?" ስላለኝ ነው። (ቴርሞካፕል ከሁለት የተለያዩ ሽቦዎች የተሰራ የሙቀት መለኪያ ነው።) ኧረ አቦ አልኩት፣ ሶስቱም አንድ ቁጥር እየተናገሩ ሶስቱም እንዴት ይበላሻሉ፣ እኛ እኮ ከባህር ጠለል 1200 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው ያለነው፣ አየሩ ቀለል ይላል፣ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል። ሐረር ወጥተህ ብትሞክረው ደግሞ 94 አካባቢ ነው የሚልህ።

ልጁ ስልኩን ሳይዘጋ ሌላ ነገር አነሳ። ፋብሪካው (ስሙን አልጠራም) ፈርነስ (ጥቁሩን ከባድ ነዳጅ) ማቃጠሉን ትቶ ከድንጋይ ከሰል ጋዝ የሚያመርት ጋዚፋየር ሊተክል ነው፣ ሶስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ አስገብተዋል፣ እያንዳንዱ ፕሮፎርማ ላይ የመለኪያ ዝርዝር አለ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አልጻፈውም፣ አለቃው ደግሞ "የቱ ይሻላል፣ እስከ ሰኞ አጥንተህ አምጣ" ብሎታል። ለሱ በቴሌግራም የጻፍኩለትን ነው አሁን ሰፋ አድርጌ የማስቀምጠው፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ የሱ ብቻ አይደለም፣ ነዳጁ እየተወደደ ሲሄድ ወደ ከሰል ፊቱን የሚያዞር ፋብሪካ ሁሉ ይጠይቀዋል።

ጋዚፋየር ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ከሰሉን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ አትፈቅድለትም። አየሩን መጥነህ ከእንፋሎት ጋር ቀላቅለህ ከስር ትነፋለታለህ፣ ታች ያለው ከሰል ነዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ያ ጋዝ ወደላይ ሲወጣ የጋለ ከሰል ያገኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፣ እንፋሎቱም ከጋለው ከሰል ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅንና ተጨማሪ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጥሃል። በአየር የሚሰራው አይነት የሚሰጥህ ጋዝ ግማሹ ያህል ናይትሮጅን ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ ሃይድሮጅኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። በንጹህ ኦክስጅን፣ በከፍተኛ ግፊት የሚሰሩት ትልልቆቹ ሌላ አለም ናቸው፣ ደቡብ አፍሪካ ሳሶል ከ1955 ጀምሮ ከከሰል ነዳጅ የሚያወጣበት አይነት፣ እኛም ሀገር ያዩ ላይ ማዳበሪያ ሊመረትበት ታስቦ የነበረው ከሰሉን ጋዝ በማድረግ ነበር። ስለነሱ ኋላ ትንሽ እላለሁ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ፕሮፎርማ ላይ የሚጻፈው የመለኪያው ጥራት ነው፣ 0.1 በመቶ፣ 0.5 በመቶ ምናምን። እኔ ከሃያ አመት በላይ በዚህ ስራ ስቆይ የተማርኩት ጥራቱን መጨረሻ ላይ መጠየቅን ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው "ይሄ እቃ ሲበላሽ ወዴት ነው የሚዋሸው?" ብዬ ነው። ሁሉም እቃ አንድ ቀን ይበላሻል፣ አንዳንዱ ሲበላሽ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ሲበላሽ ሁሉም ሰላም ነው እያለህ ይቀመጣል። ጋዚፋየር ላይ ሁለተኛውን ከገዛህ ሰው ትቀብራለህ።

ሙቀት

ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ሲግናሉም ጠንካራ ነው፣ 1000 ዲግሪ ላይ 41 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጥሃል። ኤስ ታይፕ ከፕላቲነም ስለሚሰራ ውድ ነው፣ እዛው 1000 ዲግሪ ላይ የሚሰጥህ 9.6 ሚሊቮልት አካባቢ ብቻ ነው፣ ቢ ታይፕ ደግሞ 5 እንኳን አይሞላም፣ ግን እስከ 1700 ይደርሳል። ካታሎግ ያየ ሰው "እኔ ጋ 1000 ዲግሪ አይበልጥም፣ ኬ እስከ 1200 ይችላል ተብሏል፣ ስለዚ ኬ ይበቃኛል" ይላል። እዚች ላይ ነው የሚሳሳተው።

ኬ ታይፕ ኦክስጅን ያለበት ቦታ ላይ ነው ጎበዝ የሚሆነው። ኦክስጅን በጣም ትንሽ በሆነበት፣ ከ800 እስከ 1050 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲቀመጥ ፖዘቲቩ ሽቦ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ብቻውን ይበላል፣ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ የሚሰጠው ቮልቴጅ እየወረደ ይሄዳል። ጋዚፋየር ውስጥ ደግሞ ያለው አየር በትክክል እንደዛ ነው፣ ኦክስጅን የለም። ስለዚ ቴርሞካፕሉ አልተቆረጠም፣ አላርም አላሰማም፣ ግን ከእውነተኛው ሙቀት በአስር በአስር ዲግሪ እያነሰ ያነባል። ኦፕሬተሩ ምን ያደርጋል? "እሳቱ ቀዝቅዟል" ብሎ አየር ይጨምራል፣ እውነተኛው ሙቀት ይወጣል፣ አመዱ ይቀልጥና ድንጋይ ሆኖ ግሬቱን (ከሰሉ የሚያርፍበትን የታች ፍርግርግ) ይይዘዋል። እኔ አንድ ቦታ (ድሬ አይደለም) ይሄ ሲሆን አይቻለሁ፣ ሶስት ቀን በድጅኖ ነው የፈለጥነው፣ በኋላ ቴርሞካፕሉን አውጥተን ሽቦውን ስናየው አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

በማግኔት ትለየዋለህ። ጤነኛ ኬ ታይፕ ላይ ማግኔት የሚይዘው ኔጋቲቩ ሽቦ ብቻ ነው። ፖዘቲቩም መሳብ ከጀመረ አልቋል፣ ጣለው። ከካሊብሬሽን ማሽን በፊት ይሄን ማግኔት ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነው የምዞረው።

ስለዚ ምርጫው እንዲህ ነው። የጋዙ መውጫ ላይ ሙቀቱ ከ400 እስከ 600 ከሆነ ኬ ታይፕ ግዛ፣ እዛ አረንጓዴ ዝገቱ አያገኘውም፣ በፕላቲነም ላይ ብር አታባክን። ከ800 በላይ የሚሄድ ቦታ ላይ ከሆነ ኤን ታይፕ ይሻላል፣ ይሄን በሽታ ከኬ በተሻለ ይቋቋማል፣ ዋጋውም ብዙ አይርቅም። ከዛ በላይ ከሆነ ኤስ ወይ ቢ ነው፣ ግን ልብ በል፣ ፕላቲነም ሃይድሮጅን ባለበት ቦታ ከሲሊካ ጋር አንድ ላይ ሲሆን ይመረዛል፣ ሽቦው ይሰባበራል፣ ስለዚ መከላከያ ቱቦው ንጹህ አሉሚና መሆኑን ፕሮፎርማው ላይ በጽሁፍ አስገባ። "ሴራሚክ" ብሎ ብቻ የጻፈ አቅራቢ ካለ የምን ሴራሚክ ብለህ ጠይቀው።

የእሳቱን ንብርብር ራሱን ለማየት ግን፣ አየር በሚነፋው ቋሚ አልጋ አይነት (ከሰሉ ተከምሮ የሚቀመጥበት) ላይ፣ እስካሁን ከብረት ዘንግ የተሻለ አላየሁም። ኦፕሬተሩ ከላይ ባሉት መጎርጎሪያ ቀዳዳዎች ረጅም ብረት እስከ ግሬቱ ድረስ ይከታል፣ የተወሰነ ደቂቃ ያቆየዋል፣ ያወጣዋል። ጥቁር የሆነው ጫፍ አመድ ነው፣ ቀጥሎ የጋለው እሳቱ ነው፣ ቀጥሎ እየደበዘዘ ይሄዳል። በሜትር ይለካዋል፣ አመዱ ስንት ሳንቲም፣ እሳቱ ስንት ሳንቲም፣ በየትኛው ቀዳዳ በኩል ጋደለ፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሶስት መቶ ሺ ብር የሚያወጣ መሳሪያ እሳቱ በአንድ በኩል ጋድሏል ብሎ አይነግርህም፣ ዘንጉ ግን ይነግርሃል። ብቻ ቀዳዳው ሲከፈት ጋዝ እንዳይወጣ የእንፋሎት መከላከያው መስራት አለበት፣ እሱን ሳያዩ የሚከፍቱ ልጆች አይቻለሁ፣ ተቆጥቻለሁም።

ሽቦውን በተመለከተ የድሬ ጣጣ አለ። ጋዚፋየሩ አጠገብ ያለው የቴርሞካፕል ጭንቅላት (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት ሳጥን) በእኛ ጸሀይና በምድጃው ሙቀት 70 ዲግሪ ቢሆን አይገርምም፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ደግሞ ኤሲ ስላለው 25 ነው። ኤሌክትሪሻኑ "ሽቦ ሽቦ ነው" ብሎ መሃል ላይ ተራ መዳብ ከዘረጋልህ ንባቡ በ45 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፣ አሁንም ወደታች ነው የሚዋሸው። ለኬ የተሰራውን ማራዘሚያ ሽቦ ግዛ፣ የቀለሙን ነገር ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳታጣራ እንዳታምን፣ በአውሮፓው አረንጓዴው ፖዘቲቭ ነጩ ኔጋቲቭ ነው፣ በአሜሪካኑ ቀዩ ኔጋቲቭ ነው፣ በቻይናው ቀዩ ፖዘቲቭ ነው! አንድ መጋዘን ውስጥ ሶስቱም አንድ ላይ ሆነው አግኝቻቸው አውቃለሁ። ጭንቅላቱ ላይ የሚገባው ትንሽዬ ትራንስሚተር (ሲግናሉን ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚልከው) ወይስ ፓኔል ውስጥ የሚቀመጠው ለሚለው፣ እዚ ሀገር ፓኔሉን እመርጣለሁ። የጭንቅላቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 85 ዲግሪ ይችላል ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ እኛ ጋ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጸሀዩ ስር የተተወ ሳጥን ወደዛ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም።

የእንፋሎትና የአየር ሙቀት፣ ማንም የማይነግርህ

አየር ለሚነፋው ጋዚፋየር ዋናው የኮንትሮል እጀታ የተቀላቀለው አየርና እንፋሎት ሙቀት ነው፣ ሙሌት ሙቀት ይሉታል። አየሩ በእንፋሎት ስለሚጠግብ ሙቀቱን ካወቅህ የእንፋሎቱን መጠን አወቅህ ማለት ነው፣ አንድ ፒቲ100 (የፕላቲነም ሙቀት መለኪያ) ብቻ ይበቃል፣ ውድ የእንፋሎት ፍሎው ሜትር አያስፈልግህም። ይሄ በጣም ያምራል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው።

ማንዋሉ የተጻፈው ባህር ዳርቻ ላለ ከተማ ነው። 55 ዲግሪ ላይ አድርግ ይላል እንበል። 55 ዲግሪ ላይ የእንፋሎቱ ግፊት 15.8 ኪሎፓስካል ነው፣ ይሄ ድሬም ሆነ ሻንጋይ አንድ ነው። የአየሩ ግፊት ግን እዛ 101 ሲሆን እኛ ጋ 88 ገደማ ነው። ስለዚ እዛ ለ85.5 ደረቅ አየር 15.8 እንፋሎት ነው የሚደርሰው፣ እኛ ጋ ለ72 አየር ያው 15.8 እንፋሎት። አስላው፣ 18 በመቶ ገደማ ትርፍ እንፋሎት እየሰጠኸው ነው ማለት ነው። እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበዛል፣ ኦፕሬተሩ ከሰሉን ይሰድበዋል፣ ከሰሉ ምንም አላደረገም። ማንዋሉ የፈለገውን ድርሻ ድሬ ላይ ለማግኘት 52 ላይ ነው ማስቀመጥ ያለብህ። (የብሎወሩ ግፊት ትንሽ ይጨምራል፣ ስለዚ የራስህን ቧንቧ ግፊት አንብበህ አስላው እንጂ የኔን ቁጥር ዝም ብለህ አትቅዳ።) አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ መቀነስ አለበት።

ግፊቱን የሚነካ ሌላም አለ። ፍሎው ኮምፐንሴሽን (የጋዙን ፍሰት ንባብ እንደ ግፊቱ የሚያስተካክለው ስሌት) ላይ የአካባቢው አየር ግፊት የሚሞላበት ቦታ አለ፣ ፋብሪካው ሲልከው 101.3 ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ሶስት ኪሎፓስካል ብቻ ግፊት ያለው የጋዝ ቧንቧ ላይ እሱን ሳትቀይር ከተውከው ፍሎው 7 በመቶ አካባቢ ይሳሳታል። አንዲት ቁጥር ናት፣ ቀይራት። ወይ ደግሞ ጌጅ (ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ) ሳይሆን አብሶሉት (ከባዶ ጀምሮ ሙሉውን ግፊት) የሚለካ ትራንስሚተር ግዛ፣ ያኔ ጥያቄው ራሱ የለም፣ ትንሽ ይወደዳል።

የጋዝ ፍሎው፣ ኦሪፊስ ወይስ ቬንቹሪ ወይስ ሌላ

ስለ ቆሻሻው ጋዝ ፍሎው ብዙ መጻፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም መልሴ አትለካው ነው። ሬንጅና አቧራ ያለበት ጋዝ ላይ ኦሪፊስ (መሃሉ ቀዳዳ ያለው ሳህን፣ ከፊቱና ከኋላው ባለው የግፊት ልዩነት የሚለካ) ከተከልክ ግፊቱን የሚወስዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፈናሉ፣ ቱቦ ሲደፈን ንባቡ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀጥ ያለ መስመር ደግሞ ለማየት ያምራል፣ ማንም አይጠረጥረውም። በሙቀት የሚለካው ተርማል ማስ ደግሞ ሬንጅ ሲለብስ እያነሰ ያነባል። የግድ ከተባልክ ቬንቹሪ (መሃሉ የሚጠብ ቧንቧ) በናይትሮጅን ከሚነፉ ቱቦዎች ጋር። እኔ ግን የሚገባውን አየር እለካለሁ፣ አየሩ ንጹህ ነው፣ ተራ ኦሪፊስ ወይ ቮርቴክስ (በአየሩ ሽክርክሪት የሚለካው) ይበቃዋል። ናይትሮጅን ደግሞ ጋዚፋየር ውስጥ ምንም አይሆንም፣ በገባው ልክ ይወጣል፣ ስለዚ 1000 ኩብ አየር ስታስገባ 790 ኩብ ናይትሮጅን አስገባህ፣ የወጣው ደረቅ ጋዝ 50 በመቶ ናይትሮጅን ከሆነ የጋዙ መጠን 1580 ኩብ ነው። አናላይዘር (ጋዙ ውስጥ ምን ምን እንዳለ የሚለካ መሳሪያ) ካለህ ፍሎው ሜትሩን በነጻ አገኘህ ማለት ነው።

ለግፊት ደግሞ ከትራንስሚተሩ ጎን ባለ ውሃ ዩ ቱቦ አድርግ፣ እሱ አይዋሽም። ግን ውሃው እኛ ጋ ቶሎ ይተናል፣ ከተነነ ደግሞ ጋዙ በሱ በኩል ወደ ክፍሉ ይወጣል። ሺፍት ሲቀየር ውሃውን ማየት የአንድ ሰው ስራ ይሁን፣ ስሙ ይጻፍ።

አናላይዘር

እዚ ላይ ነው ብሩ የሚሄደው። ለካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ለካርቦን ዳይኦክሳይድና ለሚቴን ኢንፍራሬድ፣ ለሃይድሮጅን ተርማል ኮንደክቲቪቲ (ጋዙ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካው)፣ ይሄ ጥምረት ለመካከለኛ ፋብሪካ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የተሻለ ዝርዝር ይሰጥሃል ግን አንድ ንባብ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ የሚንከባከበው ሰውም ያስፈልገዋል፣ ተሸካሚ ጋዝ በሲሊንደር እያስመጣህ ትኖራለህ። ማስ ስፔክትሮሜትር በሰከንዶች ይሰጣል፣ ዋጋው ግን ለትልልቆቹ ነው። የትኛውንም ብትገዛ ግን አናላይዘሩ እስከሚደርስ ድረስ ያለው መንገድ ነው የሚያስቸግርህ፣ ፊልተሩ፣ የሚሞቀው ቱቦ፣ ማድረቂያው። ሶስቱን ፕሮፎርማ ስናወዳድር አንዱ በጣም ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ የገባን እዚ ጋ ነው፣ አናላይዘሩ ተመሳሳይ ሆኖ የናሙና መውሰጃው ሲስተም አንድ መስመር ብቻ ነው የተጻፈው፣ "ሳምፕሊንግ፣ 1 ሴት"። ሬንጅ ላለው ጋዝ አንድ ሴት ምን ማለት ነው? ሳምንት ሳይቆይ ይዘጋል።

ኦክስጅን መለኪያው ላይ ግን ብዙ ሰው ሲሳሳት ስላየሁ ረዘም አድርጌ ልናገር። ሬንጁን የሚይዘው የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ፊት ለፊት ጋዙ ውስጥ ኦክስጅን መኖር አለመኖሩን ማወቅ አለብህ፣ ማጣሪያው ብልጭታ አለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አየር ውስጥ ከ12.5 እስከ 74 በመቶ፣ ሃይድሮጅን ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው ሁሉ ይፈነዳል። ብዙ ቦታ ኦክስጅኑ 1 በመቶ ሲደርስ የማጣሪያው መብራት እንዲቋረጥ ነው የሚደረገው። አሁን ምርጫህን እይ።

ዚርኮኒያ (በጋለ ሴራሚክ ሴል ኦክስጅን የሚለካው) ለቦይለር ጭስ በጣም ጥሩ ነው፣ ብዙ ቴክኒሺያን የሚያውቀውም እሱን ነው፣ ስለዚ "እሱኑ እንግዛ" ይባላል። ግን የዚርኮኒያው ሴል ራሱ ወደ 700 ዲግሪ ይግላል፣ የሚነድ ጋዝ ሲመጣበት ኦክስጅኑን እዛው ሴሉ ላይ ያቃጥለውና "ኦክስጅን የለም" ይልሃል። ያለውን የለም ይላል! እሱ ራሱም የእሳት ምንጭ ነው። እዚ ቦታ ላይ በፍጹም።

ኤሌክትሮኬሚካል ሴል (ውስጡ ባለ ኬሚካል የሚሰራው) ርካሽ ነው፣ ግን እያረጀ ሲሄድ ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጉድጓድ ለሚገባ ሰው ይሄ ችግር የለውም፣ ኦክስጅን አነሰ ብሎ ያስጠነቅቀዋል፣ ሰውየው ይወጣል። ጋዝ ቧንቧ ላይ ግን ዜሮ ማለት ደህና ማለት ነው። ያው አንድ እቃ፣ ያው አንድ ብልሽት፣ አንዱ ቦታ ያድናል ሌላው ቦታ ይገድላል። ጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም እድሜውን ያሳጥረዋል።

ፓራማግኔቲክ (ኦክስጅን በማግኔት መሳቡን ተጠቅሞ የሚለካው) ወይም ሌዘር ግዛ። ፓራማግኔቲኩ በጥሩ የናሙና መስመር ለብዙ አመት ይሰራል፣ ግን የሚለካው የኦክስጅኑን ግፊት ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ የተደረገለትን ካሊብሬሽን ይዘህ ድሬ ላይ ከሰካኸው አነስ አድርጎ ነው የሚያነበው። እዚሁ ቦታው ላይ በናይትሮጅንና በንጹህ አየር አስተካክለው። ሌዘሩ ቧንቧው ላይ በቀጥታ ስለሚገጠም ናሙና መጎተት የለም፣ ግን መስኮቶቹን ሬንጅ እንዳይለብሳቸው ናይትሮጅን ያለማቋረጥ መንፋት አለብህ፣ ናይትሮጅን በቋሚነት ከሌለህ ተወው።

ለሰው ሳንባ

ክረምት ላይ ሐረርና ቁልቢ በኩል ብርድ ሲሆን ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ያ አንድ ምድጃ ነው። ጋዚፋየር በሰአት በሺዎች ኩብ የሚያመርተው ያንኑ ጋዝ ነው፣ ቀለምም ሽታም የለውም።

አቅራቢዎች ሁለት አይነት ዲቴክተር ያቀርባሉ፣ አንዱ የሚፈነዳ ጋዝ የሚለካ፣ አንዱ የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ) የሚለካ። አንድ አቅራቢ "የኛ ዲቴክተር ለካርቦን ሞኖክሳይድም ይሰራል" ብሎ የመጀመሪያውን ብቻ አቅርቧል። ሂሳቡን ስራው። የፍንዳታው ዝቅተኛ ወሰን 12.5 በመቶ ነው፣ ዲቴክተሩ የሚጮኸው የዛ 10 በመቶ ላይ ነው፣ ያ ማለት 12,500 ፒፒኤም ነው። ለህይወት ወዲያው አደገኛ ተብሎ የተቀመጠው 1200 ነው። ስለዚ ዲቴክተሩ ሲጮህ የሚሰማው ሰው የለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የፒፒኤሙ ሴንሰር ኤሌክትሮኬሚካል ነው፣ ሃይድሮጅን ሲያገኝ እሱንም እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቆጥረዋል፣ ስለዚ አብዝቶ ያነባል፣ ወደ ደህናው በኩል ነው የሚዋሸው፣ ግን አላርሙ ሲበዛ ሰዎች ዘግተውት ይሄዳሉ፣ ስለዚ የሃይድሮጅን ማካካሻ ያለውን ግዛ። ሲያረጅና በሙቀቱ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ ግን ዜሮ ይላል፣ አየሩ ንጹህ ሲሆን የሚለውን ያንኑ ዜሮ። ከሁለት ሶስት አመት በላይ አትመነው፣ እኛ ሀገር ከዛም ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። ፕሮፎርማ ላይ ሴንሰሩ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሚሰራ ተመልከት፣ 40 የሚለውን ተወው፣ 50 እና ከዛ በላይ የሚለውን ውሰድ። የመሞከሪያ ጋዝ ሲሊንደርም አብሮ ይገዛ፣ ያለሱ ዲቴክተር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፕላስቲክ ነው።

ፒኤልሲ ወይስ ዲሲኤስ፣ የአየር ቫልቭ ወይስ የኤሌክትሪክ

ፒኤልሲ (ፕሮግራም የሚደረገው ትንሹ መቆጣጠሪያ)። ሃምሳ ምናምን ሉፕ (የመቆጣጠሪያ ዑደት) ላለው ፋብሪካ ዲሲኤስ (ለትልልቅ ፋብሪካ የሚሰራውን ሙሉ የመቆጣጠሪያ ሲስተም) መግዛት ለአንድ ኩንታል ጤፍ ሲኖትራክ እንደመከራየት ነው፣ ድሬ ላይ ፒኤልሲ የሚያውቅ ልጅ ታገኛለህ፣ ለዲሲኤሱ ግን ከአዲስ አበባ ወይ ከውጭ ሰው ትጠብቃለህ። ሲግናሉ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፕ ከሃርት (በዛው ሽቦ ላይ ከሚሄድ ዲጂታል መልእክት) ጋር፣ በቃ። ዜሮው 4 መሆኑ ራሱ ጥሩ ነው፣ ሽቦ ሲቆረጥ 0 ስለሚሆን እውነተኛ ዜሮና የተቆረጠ ሽቦ ይለያያሉ።

ትልልቆቹ በኦክስጅን የሚሰሩት ላይ ግን እንዲህ አይባልም። እዛ ውስጡ 1300 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል፣ ቴርሞካፕል ሳምንታት ወይ ጥቂት ወራት ነው የሚቆየው፣ ስለዚ ኦፕሬተሮቹ ሙቀቱን ከጋዙ ሚቴን ያነቡታል፣ ሚቴኑ ሲወርድ ሙቀቱ ወጥቷል ማለት ነው። የኦክስጅንና የከሰል ፍሎው በሶስት በሶስት መለኪያ ይለካል፣ ሁለቱ ሲስማሙ ነው ማሽኑ የሚያምነው፣ መዝጊያው ሲስተም ደግሞ ከዲሲኤሱ ተለይቶ አይኢሲ 61511 በሚለው ስታንዳርድ ይሰራል። ትንሹ ፋብሪካም ከዚህ አንድ ነገር መውሰድ አለበት፣ ኦክስጅኑና ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚያቋርጡት ነገር በፒኤልሲው ፕሮግራም በኩል ብቻ ሳይሆን በተለየ ሪሌይም ይሂድ።

ቫልቭ ላይ ልጁ የኤሌክትሪኩን ወዶት ነበር፣ ኮምፕረሰር አያስፈልገውም ብሎ። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል አልኩት። እኛ ጋ መብራት ይጠፋል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ብሎወሩ ይቆማል፣ ጋዚፋየሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ወደኋላ ወደ አየር ቧንቧው ይመለሳል፣ እዛ ካለው አየር ጋር ይቀላቀላል፣ መብራቱ መጥቶ ብሎወሩ ሲነሳ ቧንቧው ይፈነዳል። የኤሌክትሪኩ ቫልቭ መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቆማል፣ ክፍት ከሆነ ክፍት ነው። በአየር የሚሰራው ስፕሪንግ ስላለው አየሩ ሲለቀቅ ራሱ ወደ ደህናው ቦታ ይሄዳል፣ የአየር መግቢያው ይዘጋል፣ የመልቀቂያው ይከፈታል፣ የእንፋሎቱ ይከፈትና ቧንቧውን ይሞላዋል። ለመቆጣጠሪያ ቫልቮች የኤሌክትሪኩን ግዛ ከፈለግህ፣ ለሚያቋርጡት ግን በአየር የሚሰራውን ብቻ። ዩፒኤሱ ደግሞ ለፒኤልሲው፣ ለአናላይዘሩና ለዲቴክተሮቹ ቢያንስ ጀነሬተሩ እስኪነሳ የሚበቃ፣ ጀነሬተሩ አልነሳ ካለም ሰው ወጥቶ እስኪቆጠር የሚበቃ ይሁን።

የከሰል ባንከር ሌቭል (የከሰል ማከማቻው ምን ያህል እንደሞላ)? ራዳር። ጋማው (በጨረር የሚለካው) በጣም አስተማማኝ ነው፣ ግን ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ነው፣ ፈቃድ፣ ጥበቃ፣ ሲያልቅ መመለሻ፣ ለአንድ ባንከር አይገባም።

ልጁ ሰኞ ለአለቃው ያቀረበው መሃለኛውን ፕሮፎርማ ነው፣ ርካሹንም ውዱንም ሳይሆን፣ ሶስት ነገር እንዲጨመርበት ጠይቆ፣ ፓራማግኔቲክ በዚርኮኒያ ፋንታ፣ የፒፒኤም ዲቴክተር ከመሞከሪያ ጋዝ ጋር፣ የሚያቋርጡት ቫልቮች ደግሞ በስፕሪንግ። አለቃው የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተሮቹን ስምንት ከነበሩበት ወደ አራት ቀንሶ ብሩን ለማብቃቃት አስቦ ነበር። ልጁ አሁንም ደውሎ ምን ልበለው አለኝ። ብሩ ካልበቃ የጋዙን ፍሎው ሜትር ሰርዝ፣ በናይትሮጅኑ ስሌት ትደርስበታለህ፣ ስምንቱን ግን አትንካ፣ ሲመጡም በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ የተገጠመበትን ቀን በማርከር ጻፍበት አልኩት።